ጅቡቲ ላይ የተተረጎመ አንጀት

ጅቡቲ ይሞቃል ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። የሚሞቀው ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ ያለው ነገር ሌላ ነው፤ ገና ስም አልወጣለትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በድሬ ሙቀት ስኮራ የኖርኩ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ላቡን ሲጠርግ «አቦ ይሄ እኮ ክረምታችን ነው» እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩ ሰው፣ ጅቡቲ ከባቡር ስወርድ ጢሜ ቀልጦ ደረቴ ላይ ሊንጠባጠብ ምንም አልቀረውም። ይህን የምጽፈው ሄዳችሁ ለማታዩት ነው። ሄዳችሁ ያያችሁት ደግሞ፣ ትንሽ ጨመር ባደርግበት እንዳላያችሁ እለፉኝ።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። የእህቴ የዘሀራ ልጅ ነቢል አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሆዱን ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት። ከዚያም በፊት አንገቱ ሥር ወይ ብብቱ ውስጥ እያበጠ የሚመግል ነገር አያጣውም። የአሜባ መድኃኒት ዋጠ፣ የታይፎይድ ዋጠ፣ «የሳንባ ነቀርሳ ወደ አንጀቱ ወርዶ ነው» ተብሎ የዚያንም ለወራት ዋጠ። በድሬ ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ልጁ ግን ከመክሳት በቀር ምንም አላተረፈም። በመጨረሻ አንድ ቀዶ ሐኪም አየውና «የታመመውን የአንጀት ክፍል ቆርጠን እናውጣው» አለ። ቀኑም ተቆረጠ።

ቀኑ ተቆርጦ አንጀቱ ሳይቆረጥ አሚና ከጅቡቲ ደወለች። አሚና የልጅነት ጎረቤታችን ናት። ጅቡቲ ተድራ፣ ጨርቅ እየነገደች፣ ድምፅዋም ገላዋም እኩል የሰፋ ሴት ሆናለች።

«ከፈረንሳይ የአንጀት ሐኪም መጥቷል። ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ ያያል» አለች። «እኔ ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ ሰው አማክራለሁ። የልጁን አንጀት ሳታማክሩ ልትቆርጡ ነው? አምጡት!»

እሑድ

ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ግን እያጣጣረ ነበር። በጠዋት ይነሳል ተባልን፤ ባቡሩ ግን የጠዋትን ትርጉም ለብቻው ነበር የሚያውቀው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ተነሳ። ዘሀራ ያላሸከመችኝ ነገር የለም፤ የፈላ ውኃ በጀሪካን፣ አጥሚት በቴርሞስ፣ የልጁ ቅያሪ ሱሪዎች፣ ትራስ። ከዕቃው ብዛት የተነሳ ትኬት ቆራጩ እኔንም ከጭነቱ ቆጥሮኝ ሊያስከፍለኝ ነበር።

ወንበራችን ላይ አንዲት የአይሻ ከተማ ሴት ከሁለት ፍየሎች ጋር ተቀምጣለች። ልጣላ አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ነቢልን አየችው። ፍየሎቹን ወደ መተላለፊያው ገፋ፣ ሻሿን ወንበሩ ላይ ዘርጋ አድርጋ «አስተኙት» አለች በምልክት። እኔ ጋር ሲደርስ ቦታ አለቀ፤ ከፍየሎቹ ጋር ቆምኩ። በጣም ጨዋ ፍየሎች ናቸው፤ የጫማዬን ማሰሪያ ብቻ ነው የበሉት።

ከሽንሌ ወዲያ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቀጥ አለ። ምክንያት አይጠየቅም። ነቢል ሆዱን ያዘና «አጎቴ፣ መጣብኝ» አለኝ። ወርደን ወደ ቁጥቋጦ ሮጥን። ገና ሱሪውን ሳያነሳ ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። ልጁን በጀርባዬ አዘልኩና ሮጥኩ። እውነቱን ልናገር? ባቡሩን አልፌው ሄጄ ቆሜ ጠበቅሁት።

ነቢል በመስኮት ሲያስገቡት ትንፋሽ አጥሮት እንኳ አፉ አላረፈም። «አጎቴ፣ ለባቡሩም የእኔን በሽታ ስጠው። ፈጠን ይላል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዘሀራ ብቻ አልሳቀችም። የልጁ ክብደት ጀርባዬ ላይ ምን ያህል ቀላል እንደነበር እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ

አሚና ጣቢያው ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀችን። ሦስታችንንም አንድ ላይ አቀፈችን፤ ቦታም ተረፋት። ቤቷ ጋቦዴ ነው። ጋቦዴ ብሎኬት ቤቶች በሰልፍ የቆሙባት ደህና ሰፈር ናት፤ ማዕከላዊው ወህኒ ቤትም እዚያው ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን ነገር ሳላስብ ድሬ ደውዬ ለአጎታችን «አልሐምዱሊላህ፣ ጋቦዴ ገብተናል» አልኳቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ጅቡቲን ያውቋታል። «ልጁንም አሰሩት?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ለማስረዳት ሁለት የስልክ ካርድ ጨረስኩ።

ቤቱ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አሚና፣ ባሏና ልጆቿ ፍራሻቸውን ተሸክመው ጣሪያ ላይ ወጡና ክፍሉን ለነቢል ለቀቁለት። እንቢ ብንል፣ ብንምል፣ ብንገዘት አልሰማችም። «ጣሪያ ላይ እኮ ነፋስ አለ» አለች። ወጥቼ አየሁት። እውነት ነው፣ ነፋስ አለ፤ ከዳቦ ጋጋሪ ምድጃ የወጣ ነው።

ለምሳ ረጃጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ በወጥ አቀረበችልን። ድሬ ውስጥ ዳቦ ትጎርሳለህ፤ እዚህ ዳቦ ብብትህ ሥር ሸጉጠህ ትሄዳለህ። ነቢል የሩዝ ውኃ በማንኪያ ቀመሰና ተወው። አሚና አየችው፣ ወደ ማድቤት ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርት ነው» አለች። ሽንኩርት አልነበረም።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ከሲታ፣ ረጅም፣ ጆሮዎቹ በፀሐይ የተጠበሱ ሰውዬ ነው። አማርኛ አያውቅም፤ እኛ ፈረንሳይኛ አናውቅም። የእኔ ፈረንሳይኛ ከባቡር ትኬት ጀርባ አያልፍም። አስተርጓሚያችን አሚና ናት፤ ፈረንሳይኛዋን የተማረችው ጨርቅ ስትሸጥ ስለሆነ «ዋጋው ስንት ነው»፣ «አያዋጣኝም»፣ «ይሄ አይለቅም፣ ቢታጠብም አይለቅም» ስትል ፓሪስ የተወለደች ነው የምትመስለው።

ሐኪሙ ነቢልን ዳበሰው፣ የአንገቱን ጠባሳ በጣቱ ተከተለ፣ ብዙ ጠየቀ። ቀዶ ሕክምና መታሰቡን ስንነግረው ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ «እናቱስ እንዴት ነሽ?» አላት።

ዘሀራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ምን እላለሁ ዶክተር» አለች። «የዚህ ልጅ ነገር አንጀቴን በልቶ ጨርሶታል።»

አሚና ተረጎመች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይላል» አለች አሚና።

«እሱ ከታመመ ጀምሮ ነዋ!»

«ደም አለው ወይ ይላል።»

«ደም ነው እንጂ የማለቅሰው፤ እንባ መስሎታል?»

«ዊ ዶክቴር» አለች አሚና በኩራት፣ «ደም አለው።»

ሐኪሙ ተነስቶ አልጋውን አመለከታት። ዘሀራ ግራ ገባት።

«እኔ ለምን እተኛለሁ?»

«አንጀትሽን ሊያይ ነዋ! ተበልቶ አለቀ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

እዚህ ላይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወንበሬ ተንሸራቶ ወደቅሁ፤ ሐኪሙ ሦስተኛ በሽተኛ ያገኘ መስሎት ወደ እኔ ሊሮጥ ነበር። ነቢል ሆዱን ይዞ «አታስቁኝ፣ ያመኛል!» ይላል። «አንቺ አሚና» አልኳት ከወለሉ ላይ፣ «ቃሉን ተረጎምሽ እንጂ ነገሩን መቼ ተረጎምሽ! አንጀቴን በላኝ ማለት አሳዘነኝ፣ አሳረረኝ ማለት ነው ብለሽ ንገሪው!»

«እና እኔ ምን አልኩ? አንጀት አንጀት ነው!»

ነገረችው። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። እሱ በዚህ መሐል የዘሀራን ፊት እያየ ነበር። ላቧን ልትጠርግ ሻሿን ከጉንጯ ገለጥ አድርጋዋለች፤ ጉንጯ ላይ ሁልጊዜ የምትሸፍነው ቀይ ሽፍታ አለ። «ይሄስ?» አላት። «አፍሽንስ ክፈቺ» አላት። አፏ ውስጥ ከንፈሯ ሥር ነጫጭ ቁስሎች አሉ።

«ኧረ እሱን ተወው» አለች ዘሀራ አፍራ። «ከልጅነቴ ነው። ፀሐይ ሲመታኝ ፊቴ ይቆጣል፣ አፌም ይቆስላል። ልጄ እንዲህ ሆኖ የእኔን ማን ያወራዋል?»

ሐኪሙ ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። ወንድሞች አሉሽ ወይ አላት። እኔን ጠቆመች፤ ከወለሉ ተነስቼ ልብሴን እያራገፍኩ ነበር። «ከእሱ ሌላስ?»

ሳቃችን እዚያ ላይ ቆመ። ዘሀራ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። ጀማል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረን። አንገቱ ያብጥ ነበር፣ ይመግል ነበር፣ ሆዱም አይድንለትም ነበር። ትምህርት ቤት ሳይገባ ሞተ። ቤታችን ውስጥ «የሰው ዓይን ነው» ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ አይነሳም። ይህን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሚና ጀማልን ታውቀዋለች፤ አብረን ተጫውተናል። ስትተረጉም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ አለ። «ነገ ተመለሱ። የልጁንም የእናቱንም ደም አያለሁ። እስከዚያ ማንም ሰው ይህን ልጅ እንዳይቆርጠው።»

ረቡዕ

ከጋቦዴ ወደ ከተማው የሄድነው ከከተማው ዳር ሰፈር፣ ከባልባላ፣ የሚመጣ ሚኒባስ ላይ ተጭነን ነው። የድሬ ባጃጅ ሦስት ሰው ብላ ስምንት ትጭናለች፤ ይሄኛው ቁጥር መኖሩንም የሚያውቅ አይመስልም። የቀን ሠራተኞቹ ለነቢል ቦታ ለቀቁለት፤ እኔን አንዱ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ጭን ላይ ተቀምጬ ከተማ ገባሁ።

ሐኪሙ ደም ቀዳ። እኔም እጄን ሰጠሁ። «የጀማልና የዘሀራ ወንድም ነኝ፤ የእኔም ይታይ» አልኩ። ለቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ምርመራው ይሄ ነው። ጠብታ ደም ብጫ ቀለም ጠብ ተደርጎበት መስታወት ላይ ይቀመጣል። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ጤነኞች ከሆኑ ብጫውን ቀለም ውጠው ሰማያዊ ያደርጉታል፤ ካልሆኑ ቀለሙ እንዳለ ይቀራል። ሕዋሳቱ እንዲሠሩ ግን መስታወቱ በሰው ገላ ሙቀት መቆየት አለበት፤ ለዚህም ትንሽ የማሞቂያ ሣጥን አለች። ሣጥኗ ውስጥ በገባ በደቂቃው መብራት ጠፋ።

ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ምን እንዳለ አሚና አልተረጎመችም፤ ስድብ ይመስለኛል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አየር ማቀዝቀዣው ስለቆመ ክፍሉ ልክ የሰው ገላ ያህል ሞቆ ነበር። መስታወቶቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ሙቀቷን ሰድቤ የማልጠግባት ጅቡቲ ራሷ ሞቀችልን።

መብራቱ ሲመለስ አንድ በአንድ በማጉያው አሳየን። የእኔ ሕዋሳት እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉም ሰማያዊ ለብሰዋል። ደስ ብሎኝ ዘሀራን ዞሬ ሳያት ደስታዬን ዋጥኩት። የነቢል ላይ አንድም ሰማያዊ የለም። የዘሀራ ደግሞ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ባዶ።

ሐኪሙ ማስረዳት ጀመረ። አሚና ከትናንቱ ወዲህ ተጠንቅቃ በየዓረፍተ ነገሩ እጇን አንስታ እኔን ትጠይቃለች፤ «አብዲ፣ ቃሉን ነው ነገሩን?»

«ነገሩን!»

«ነገሩማ እንዲህ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ወታደሮቻችን ናቸው። ጀርም ሲያገኙ ይውጡታል፤ ከዋጡት በኋላ መርዝ ሠርተው ይገድሉታል። የነቢል ወታደሮች መዋጥ ይችላሉ፤ መርዙን መሥራት አይችሉም። እንግዲህ ዳኛ የሌለበት አገር አስቡ። ፖሊሱ ሌባ ይይዛል፣ የሚፈርድ የለም። ሌላ ፖሊስ ይመጣል፣ ሌላም ይመጣል፤ ይከማቻሉ፣ ይጨናነቃሉ፣ ሰፈሩ ያብጣል። የአንገቱ እብጠት እሱ ነው። አንጀት ደግሞ ጀርም ጠፍቶበት የማያውቅ ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ግርግሩ አያባራም። አንጀቱን ያቆሰለው ይሄ ግርግር ነው እንጂ አሜባም ነቀርሳም አይደለም።»

«የእኔስ?» አለች ዘሀራ።

«ያንቺ ግማሾቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ ጫት ቅመው ተጋድመዋል።»

ይሄንን ሐኪሙ እንዳላለው እርግጠኛ ነኝ።

ዘሀራ ግን ሌላውም ገብቷታል፤ በሽታው በእናት በኩል ወርዶ ወንዱን ነው የሚጥለው፣ ሐኪሙ ስለ ወንድሞቿ የጠየቃት ለዚህ ነበር። «ስለዚህ ከእኔ ነው የወረሰው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። እኔ ቀልድ ፈልጌ ያጣሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ነቢል ነው የደረሰልን።

«እማዬ፣ አፍንጫዬንም ካንቺ ነው የወረስኩት» አለ። «የምወቅስሽ በእሱ ነው።»

የእህቴ አፍንጫ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከእሷ ቀድሞ ጅቡቲ የደረሰ አፍንጫ ነው። ዘሀራ እያለቀሰች ሳቀች።

ሐሙስ

የሄድንበት ጉዳይ የተወሰነው የዚያን ቀን ነው። ሐኪሙ ድሬ ላለው ቀዶ ሐኪም ራሱ ደወለለት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንጀቱ ቢቆረጥ ቁስሉን የሚጠብቁት እነዚያው መሣሪያ የሌላቸው ወታደሮች ናቸው፤ ስለዚህ በቀላሉ አይገጥምም፣ ይመግላል፣ ቀዳዳ ትቶ ይቀራል። ሌላ መንገድ ከጠፋ ብቻ ነው ቢላ የሚነሳው። ለነቢል ገና መንገድ አለ። ጀርም የሚከላከል ክኒን በየቀኑ፣ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት፣ የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት በጥቂቱ፣ ክትትል።

የድሬው ሐኪምም ሰው ነው። «እኔም ልቤ አላረፈም ነበር። ቀኑን ሰርዤዋለሁ» አለ።

«ይድናል?» ብላ ጠየቀች ዘሀራ።

አሚና ሐኪሙን ሰማችና አቀረቀረች። «ወታደሮቹን ከሥር የሚቀይር ሕክምና አለ ይላል፤ የሌላ ሰው መቅኒ ይሰጠዋል። ግን ከእኛ አገር ሩቅ ነው፣ ከባድም ነው። ይሄኛው ማዳን ሳይሆን መያዝ ነው ይላል። ደህና አድርጎ መያዝ።»

«ይያዝልኝ» አለች እህቴ። «እኔም ስይዘው ነው የኖርኩት።»

ሐኪሙ ማስጠንቀቂያም ሰጠ፤ ሻጋታ ለነቢል ጠላት ስለሆነ እርጥብ ድርቆሽ ያለበት ጎተራ አይግባ፣ አሮጌ ፍግ አይቆፍር።

«ድርቆሽ?» አለ ነቢል። «በአሚና ትርጉም ፍየል ሆኛለሁ እንዴ?»

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አሚና ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደችን። ባሕር ማለት፣ ላላያችሁት፣ የድሬው ደቻቱ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሳለ ሌላኛው ዳር ጠፍቶ ማለት ነው። እዚያ አንዳንድ የእኛ አገር ወጣቶች ፌስታል ይዘው ውኃውን እያዩ ተቀምጠዋል፤ ማዶው የመን ነው። አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅም ይሻገራል?» አለኝ። «የለም፣ እሱ ተመላሽ ነው» አልኩት። «ዕድለኛ» አለ። ነቢል በዕድለኝነት ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ነው። አሚና ይዛው የመጣችውን ዳቦ ሁሉ ለልጆቹ አደለችው።

ማታ እራት ላይ ከሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ግድግዳ ላይ የተጠበሰ ዓሣ መጣ። ለነቢል በርበሬ ያልነካው ተለየለት። አንድ ጎረሰ። እኛ ሁላችን ማኘክ አቆምን። ሁለት ጎረሰ። «ምን ታዩኛላችሁ፣ ባቡር ነኝ?» አለ። የዓሣው ራስ ሲቀር ጨረሰው፤ ራሱንም የተወው እኔ ፈጥኜ ስለወሰድኩበት ነው።

ቅዳሜ

ባቡሩ ወደ ላይ ሲመለስ የልብስ ነጋዴ ሴቶች ይሞሉታል፤ ፍተሻ ሳይደርስ ሸቀጣቸውን ተሳፋሪው ላይ ይደረድሩታል። አንዷ ነቢልን ስታየው ፊቷ በራ። «ቀጭን ልጅ! ለእኔ ሲል አላህ የፈጠረው!» አለችና ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ፣ ጃኬት በጃኬት ላይ አለበሰችው። ፍተሻውን እንደ ሱልጣን ተነፋፍቶ አለፈ። እሷ ሸቀጧን ከልጁ ላይ ከማውለቋ በፊት ባቡሩ ድሬ ደረሰ፤ ጎረቤት ሁሉ ጣቢያው ላይ ጠብቆናል።

«ወላሂ፣ በአንድ ሳምንት!» አሉ። «ጅቡቲ እንዴት ተስማምቶታል!»

ሴትዮዋ ከኋላ መጥታ ቁልፎቹን መፍታት ስትጀምር፣ ነቢል በሰፈሩ ፊት እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ያው ነቢል ቀረ። አንዲት አሮጊት «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ይህን ስጽፍ አንድ ዓመት አልፏል። ክኒኑ በየቀኑ ይዋጣል። አንድ ጊዜ ትኩሳት ተመልሶ አስደንግጦን ነበር፤ አለፈ። ዘሀራም ባርኔጣና የቆዳ ቅባት ታዞላት ፊቷን ገልጣ ትሄዳለች። የጀማል ስምም አሁን ቤታችን ይነሳል፤ በሽታውን ስናውቀው ዓይን የተባለው ሰው ሁሉ ነጻ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት አሚና ከጅቡቲ መጥታ ምሳ አብረን በላን። ነቢል አንድ ሰሃን ሩዝ ከነሥጋው ጨረሰና ሰሃኑን ለእናቱ ዘረጋ፤ «ጨምሪልኝ።» የለበሰው አንድ ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠቦታል።

ዘሀራ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» አለች።

ነቢል ፈጥኖ የእናቱን አፍ በእጁ ያዘ።

«ዝም በይ እማዬ! አሚና ትሰማና ለዶክተሩ ተርጉማ ቅቤ ታስከለክልሻለች።»